ሐኪም መላኩ በያን በሰው አገር

በአዲስ አበባ ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ በቦሌ አራብሳ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከሚኖሩት ቤተ ሰቦች መካከል ልጁን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሰድ ወላጅ ከዓመት እስከ ዓመት አይጠፋም። የጉዞው ቀን በተቃረበ ጊዜ በርበሬው ይሰናዳል፤ ሽሮው ይፈጫል፤ ቆሎው ይቆላል፤ ሻንጣውም ከተፈቀደው ኪሎ እንዳያልፍ አንድ ጊዜ እየታሰረ አንድ ጊዜ እየተፈታ በሚዛን ይመዘናል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌም ይመርቃል። የሚሰጠውም ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ልጁ ብርድ እንዳይመታው፥ ምግብ እንዳይተው፥ ከክፉ ባልንጀራ እንዲርቅ፥ ሃይማኖቱንና አገሩን እንዳይረሳ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይሸኛል፤ መንገዱ አሜሪካ የሆነ እንደ ሆነ ማታ ተነሥቶ በማግሥቱ ዋሺንግቶን ይገባል።

ዳሩ ግን ተማሪውን በሰው አገር ከብርዱና ከምግቡ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር አለ። የሄደበት አገር ሕዝብ ራሱ በወገን በወገን ተከፋፍሎ ሲያገኘው፥ እርሱ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠርና ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቆርስ መወሰን ይኖርበታል። ሻንጣ በሚታሰርበት ምሽት ስለዚህ ነገር የሚናገር ሰው እምብዛም የለም። ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ ጥያቄ ላይ በወጣትነቱ ወድቆ፥ ለጥያቄው የሰጠውን መልስ እስኪሞት ድረስ ሳይለውጥ ከኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሐኪሙ መላኩ አማኑኤል በያን ነው።

መላኩ በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ ወደ ሐረር ተወስዶ በዚያ አደገ። ቤተ ሰቡ ከልዑል ራስ መኰንን ቤት ጋር የዝምድና ትስስር ነበረው፤ ስለዚህም ከወጣቱ ከተፈሪ መኰንን ቤት ጋር የነበረው ቅርበት ከልጅነቱ የጀመረ ነው። ሐረር በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ይልቅ ለውጭው ዓለም የቀረበች ነበረች። በገበያዋ የዐረብና የህንድ፥ የግሪክና የአርመን ነጋዴ ይገኛል፤ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤትም ነበረባት። ከዚያችው ከተማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳለ ወደ ሩሲያ ሄዶ ተምሮ ነበርና፥ ባሕር ተሻግሮ መማር ለሐረር ልጆች እንግዳ ወሬ አልነበረም።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ግብጽ፥ ወደ ሊባኖስና ወደ አውሮፓ መስደድ በጀመሩበት ጊዜ መላኩም ከተመረጡት አንዱ ሆነ። በመጀመሪያ የተላከው ወደ ህንድ አገር ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1921 ነበረ። ህንድ ያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረች። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠረው ባለ አገር በጥቂት እንግዶች ሲታዘዝ ማየት፥ ነጻነቱን ባላስደፈረ አገር ላደገ ወጣት የሚዋጥ ነገር አልነበረም። በዚያ ብዙ አልቆየም፤ በሚከተለው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

አሜሪካ የተመረጠበት ምክንያት የሚታወቅ ነው። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያን በየአቅጣጫው ከበው በ1906 በአውሮፓ አቆጣጠር በተፈራረሙት ውል የጥቅም ቀጠናቸውን ተከፋፍለው ነበር፤ አሜሪካ ግን በአፍሪካ ምድር ቅኝ ግዛት አልነበራትም። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ እውቀት ወጥመድ የሌለበት መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን አሜሪካ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ባይኖራትም በገዛ ምድሯ በሚሊዮን የሚቆጠር የአፍሪካ ልጅ ነበራት፤ የዚያም ሕዝብ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከአዲስ አበባ ሆኖ በደንብ ያወቀ ሰው ጥቂት ነው።

መላኩ አሜሪካ በገባበት በዚያው በ1922 በግንቦት ወር በዋሺንግቶን ለፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የቆመው ታላቅ መታሰቢያ ተመረቀ። ሊንከን ባሮችን ነጻ ያወጣ ሰው ነው። በምረቃውም በዓል ላይ የተስኪጊ ትምህርት ቤት አለቃ ሮበርት ሞተን ጥቁሮቹን ወክለው ንግግር አደረጉ፤ ይሁን እንጂ ለበዓሉ የተጠሩት ጥቁሮች እንግዶች ከነጮቹ ተለይተው በተከለለላቸው ስፍራ እንዲቀመጡ ተደረገ። ባሪያ ነጻ ላወጣው ሰው በተደረገ በዓል ላይ የባሪያው ልጅ በአጥር ተለየ። ልጅ መላኩ ሊማርባት የመጣባት አገር ይህች ነበረች።

የገባበትም ትምህርት ቤት በኦሃዮ ግዛት ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ሙስኪንገም ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1837 የተቋቋመ፥ ከፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነበረ። በዚያው ዘመን ወደ አሜሪካ ከሄዱት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ባሻህውረድ ሀብተ ወልድ ይገኝበታል። ከተማዪቱ በኮረብታና በእርሻ የተከበበች፥ ሰዉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅባት ጸጥተኛ ስፍራ ነበረች። ከዓመታት በኋላ በመንኩራኩር ምድርን በመዞር የመጀመሪያው አሜሪካዊ የሆነው ጆን ግሌን በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ ሕፃን ነበረ፤ ኋላም በዚሁ ኮሌጅ ተማረ።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ተማሪ በእንደዚህ ያለ ስፍራ የመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ነገር የተገለበጠ ሆኖ ይታየዋል። ዘመኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሰዓቱም በስድስት ይዛባል፤ በአገሩ ከጧቱ አንድ ሰዓት የሚለውን እነርሱ ሰባት ይሉታል። አዲስ ዓመት በመስከረም የአደይ አበባ ሲፈካ መሆኑ ቀርቶ በበረዶ መካከል ይገባል። ረቡዕና ዓርብ፥ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ በተማሪ ቤቱ ማዕድ ላይ አይታወቁም። ጸሎትማ ነበረ፤ ዳሩ ግን ጫማ ሳይወልቅ፥ ቅኔ ማሕሌት ሳይቆም፥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረግ ጸሎት ነው።

ከሁሉም ይልቅ የስሙ ነገር ግር የሚያሰኝ ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ለመለያ ይከተላል እንጂ የቤተ ሰብ ስም አይሆንም። በአሜሪካ ግን የመጨረሻው ስም ይያዝና መምህሩም የመዝገብ ጸሐፊውም ሰውየውን በአባቱ ስም ይጠሩታል። እንዲህ ሆኖ መላኩ ሚስተር በያን ሆነ። በአገሩ በዚህ ስም ቢጠሩት ዘወር የሚለው አባቱ ነበር። እርሱ ግን ይህን ልማድ አልተቃወመውም፤ ከጊዜ በኋላ በጻፈውም መጽሐፍ፥ በሰጠውም ፊርማ የታወቀው በዚሁ ስም ነው። የአገሬውን ሥርዓት የት ላይ መቀበልና የት ላይ እምቢ ማለት እንደሚገባ የሚለይ ሰው ነበርና፥ በትንሹ ነገር አልተከራከረም።

ክርክሩ የነበረው በትልቁ ነገር ላይ ነው። ኦሃዮ እንደ ደቡቦቹ ግዛቶች ጥቁሩንና ነጩን በባቡርና በትምህርት ቤት የሚለይ ሕግ አልነበረባትም፤ ልማዱ ግን ከሕግ አያንስም ነበር። በ1920ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለው የዘረኞች ማኅበር በዚያች ግዛት እጅግ ብዙ አባል አፍርቶ ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ሰው ከውጭ አገር የመጣ እንደ ሆነ፥ በተለይም ልዩ ልብስ ቢለብስና የመንግሥት ደብዳቤ ቢይዝ፥ ለአገሬው ጥቁር የተዘጋው በር አንዳንድ ጊዜ ይከፈትለት ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንትም ስለ ሰው ዘር በሚጽፉት መጽሐፍ ኢትዮጵያውያንን ከሌሎች ጥቁሮች ለይተው ሌላ ዘር ያደርጓቸው ነበር፤ በዐድዋ ነጭን ያሸነፈ ጥቁር መኖሩን ከመቀበል ያን ሕዝብ ከጥቁርነት ማውጣት ቀለላቸው ማለት ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ተማሪ እንግዳ ነኝ፥ ከእነዚህ አይደለሁም ብሎ በዚያች ጠባብ በር መግባት ይችል ነበር።

ይህን በር ለመግፋት ከአገር ቤት የሚወጣው ተማሪ ራሱ ዝግጁ ሆኖ ይወጣ እንደ ነበር መካድ አይገባም። በኢትዮጵያ መሳፍንትና መኳንንት ቤት ያደገ ልጅ ጥቁረትን ከባርነት ጋር አያይዞ መስማት የለመደ ነበረ፤ በቤቱም በጓዳውም ባሪያ ነበረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትና ከዚያም በኋላ ተከታታይ ሕግ ወጣ፤ ዳሩ ግን ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ከጦርነቱ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ ነው። እንግዲህ መላኩ የባሮች የልጅ ልጆች ከሆኑት ጋር በሚማርበት ጊዜ፥ በአገሩ ባርነት ገና አልጠፋም ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በእነርሱ መካከል ሲቀመጥ ይህ ነገር በልቡ ሳይከብደው ሊቀር አይችልም።

መላኩ በሙስኪንገም ትምህርቱን ፈጽሞ፥ ለጥቂት ጊዜም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ፥ ሕክምና ለመማር በተነሣ ጊዜ የመረጠው በዋሺንግቶን የሚገኘውን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሐዋርድን ነው። የሕይወቱ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ምክንያቱንም ኋላ በመጽሐፉ ሳይሸሽግ ጽፎታል፤ ከወገኖቹ ጋር የበለጠ ለመቀራረብ ሲል አስቦ ያደረገው መሆኑን አስታውቋል። ወገኖቼ ያላቸውም አሜሪካውያን ጥቁሮችን ነው። በሐረር ግቢ አጠገብ ላደገ ወጣት ይህ ቃል ቀላል ቃል አይደለም።

ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ካለቀ በኋላ በ1867 ነጻ ለወጡት ባሮች ልጆች የተቋቋመ ነው። የሕክምና ክፍሉ በዚያ ዘመን የነበረውን ዋጋ ለመረዳት የሚከተለውን ማወቅ ይበቃል። በ1910 በመላው አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተመረመሩ በኋላ ጥቁሮች ይማሩባቸው ከነበሩት አብዛኞቹ ተዘጉ፤ የቀሩት የዋሺንግቶኑ ሐዋርድና የናሽቪሉ ሚሀሪ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚገቡ ጥቁሮች በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፥ የዚያን ሁሉ ሕዝብ ሐኪም የማፍራቱ ሸክም በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ወድቆ ነበር። የሐዋርድ ተማሪዎች ከመጽሐፍ የተማሩትን በሽተኛ እያዩ የሚለማመዱት በፍሪድመንስ ሆስፒታል ነበረ፤ ስሙም ነጻ የወጡ ሰዎች ሆስፒታል ማለት ነው።

የዋሺንግቶን ኑሮ ከኦሃዮዪቱ ገጠር ልዩ ነበረ። የመንግሥቱ መናገሻ ሆና ሳለ ትምህርት ቤቶቿ በቆዳ የተለዩ፥ ምግብ ቤቶቿና ቴአትር ቤቶቿ ለጥቁር የተዘጉ ነበሩ። ጥቁሮቹ ግን በተለየላቸው ሰፈር ውስጥ የራሳቸውን ሐኪም፥ ጠበቃ፥ መምህር፥ ባንክና ጋዜጣ አቋቁመው፥ እርስ በርሳቸው ተከባብረው ይኖሩ ነበር። መላኩ በዚያ ያገኘው ከሩቅ ሲሰማ እንደሚመስለው የተዋረደ ሕዝብ ሳይሆን፥ በውርደት መካከል ክብሩን ጠብቆ የሚኖር ሕዝብ ነው። ደግሞም ሕዝቡ ስለ ኢትዮጵያ የነበረው ስሜት ኢትዮጵያውያን ከሚያስቡት በላይ ነበረ። በኒውዮርክ በ1808 የተመሠረተው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የአቢሲኒያ ስም ይዞ ይጠራል። በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የተነገረው ቃል ከስብከታቸው አይጠፋም ነበር፤ የዐድዋም ድል የእነርሱ ድል ሆኖ ተቆጥሯል። ኢትዮጵያን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ከሚያውቋት ይልቅ ሲናፍቋት ማየት ለአገሬው ልጅ የሚያስደንቅም የሚያሳፍርም ነገር ነው።

በሐዋርድ የታሪክ መምህር የነበሩት ሊዮ ሀንስበሪ ከ1922 ጀምሮ የጥንቱን የአፍሪካንና የኢትዮጵያን ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ትምህርት በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የማይታሰብ ነበረ። መላኩና እኒህ መምህር ተወዳጅተው፥ በ1934 በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ጉባኤ በማቋቋም አብረው ሠሩ። ሀንስበሪ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ተቀበሉ። አንድ ተማሪ በሰው አገር ያፈራው ወዳጅነት ለአገሩ የሚያተርፈው እንዲህ ባለ መንገድ ነው፤ ሐኪም ሊሆን ሄዶ ታሪክ ጸሐፊ አስገኘላት።

ትዳሩም ከዚሁ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። በአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ ታጭታለት ነበር። መላኩ እጮኝነቱን አፍርሶ ዶሮቲ ሐድሊ የምትባል አሜሪካዊት ጥቁር ሴት በ1931 አገባ። ስለዚህ ነገር የሚጽፉት ሰዎች ሁሉ የእርሱን የዓላማ ጽናት ያወሳሉ፤ እውነትም ነው። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን እጮኝነቷ ፈረሰ የተባለች የትልቅ ሰው ልጅ በጎረቤትና በዘመድ ዘንድ የሚደርስባትን የማያውቅ የለም። ስለ እርስዋ የተጻፈ የለም፤ ሒሳቡ ሲወራረድ የእርስዋም ዕዳ ሊታሰብ ይገባል።

በአዲሱ ቤትም የስሙ ጨዋታ ቀጠለ። በኢትዮጵያ ልማድ ሴት ብታገባም የአባትዋን ስም አትለቅም፤ ዶሮቲ ግን በአሜሪካ ልማድ ወይዘሮ በያን ተባለች፤ ይኸውም በአማቷ ስም ማለት ነው። ወንድ ልጅ በተወለደላቸው ጊዜም እንደ አገሩ ልማድ ሌላ ስም አውጥተው መላኩን በአባትነት ከማስከተል ይልቅ፥ እንደ አሜሪካኖቹ የአባቱን ስም ሙሉውን ሰጥተው ትንሹ መላኩ በያን አሉት። በኢትዮጵያ አባት በሕይወት ሳለ ልጅን በስሙ መጥራት ያልተለመደ ነው። መላኩ ግን በቤቱ ውስጥ ሚስቱ እንግዳ እንዳትሆን የሚተወውን ተወ። እርስዋም በተራዋ አገሯን ትታ ልትከተለው ተዘጋጀች።

በ1927 ዓ.ም. የሕክምናውን ትምህርት ፈጽሞ ዲፕሎማውን ተቀበለ፤ ከአሜሪካ የሕክምና ዶክቶርነት ያገኘ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብሎም ይቆጠራል። ጊዜው ግን የዕረፍት ጊዜ አልነበረም። በኅዳር ወር በወልወል የተነሣው ግጭት ወደ ጦርነት እያደገ ሲሄድ፥ መላኩ ወደ አገሩ ከመመለሱ አስቀድሞ ለኢትዮጵያ የሚጠቅም ሰው መፈለግ ጀመረ። በዚህም በቺካጎ የሚኖረውን ጥቁር የአውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰንን አገኘው። ሮቢንሰን አውሮፕላን መንዳት ለመማር የፈለገበት ትምህርት ቤት ጥቁር አንቀበልም ቢለው፥ በዚያው ቤት በጠራጊነት ተቀጥሮ ከትምህርቱ ክፍል አጠገብ እየቆመ የጀመረ፥ በኋላም በሙሉ ተማሪነት ገብቶ የተመረቀ ሰው ነው። ከእርሱ በፊት በ1930 በአውሮፓ አቆጣጠር ሁበርት ጁልያን የሚባል ሌላ ነጂ መጥቶ ከዘውድ በዓሉ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን ሰብሮ ነበርና፥ በአዲስ አበባ ከአሜሪካ ሌላ ጥቁር ነጂ ማስመጣት የሚያጠራጥር ነገር ነበረ። መላኩ ስለ ሮቢንሰን መሰከረ፤ ሮቢንሰንም መጥቶ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች በጦርነቱ ዘመን በአዛዥነት መራ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን ነጂዎችን አሠለጠነ፤ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞቶ በጉለሌ ተቀበረ።

መላኩ በ1927 ዓ.ም. ክረምት ሚስቱንና ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ውጭ ኖሮ የተመለሰ ሰው እንደ ገና መልመድ የሚኖርበት ነገር ብዙ ነው፤ ሚስቱም በተራዋ ቋንቋውን የማታውቀው አገር እንግዳ ሆነች። ነገር ግን ለመላመድ የተሰጣቸው ጊዜ ወራት ብቻ ነበረ። በአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ፤ በመስከረም መጨረሻ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ እርሱም በሐኪምነትና በአስተርጓሚነት ንጉሠ ነገሥቱን አገለገለ። ከማይጨው በኋላ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ሲወጡ፥ የመላኩም ቤት ተመልሶ ከተተከለ ዓመት ሳይሞላው ተነቀለ።

በ1929 ዓ.ም. መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ መላኩን የእርሳቸው መልእክተኛ አድርገው ወደ አሜሪካ ላኩት። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዓለም መንግሥታት ማኅበር ዘንድ የነበረው ተስፋ ተሟጦ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም በኅዳር 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ የኢጣልያን ወረራ ዐወቀች። በኒውዮርክ ሐርለምና በቺካጎ ግን ሰልፍ የወጡት፥ ከድህነታቸው ገንዘብ ያዋጡት፥ ለመዝመት ስማቸውን ያስመዘገቡት ጥቁሮች ነበሩ፤ እንዳይዘምቱ ያገዳቸው የአሜሪካ ሕግ ነው። ወደ እነዚህ ሰዎች የሚላከው ሰው በቋንቋቸው የሚናገር፥ በቤታቸው የበላ፥ ከልጃቸው የወለደ መሆን ነበረበት። መላኩ በተማሪነቱ ዘመን በዋሺንግቶን የመረጠው ማዕድ ለአገሩ ጥቅም የሰጠው በዚህ ቀን ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አስቀድሞ የተቋቋመው የርዳታ ኮሚቴ በፖለቲካ ክርክር ተከፋፍሎ ስለ ነበር፥ መላኩ እርሱን ትቶ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የሚባለውን ማኅበር በኒውዮርክ አቋቋመ። የማኅበሩም ድምፅ እንዲሆን የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣ ወጣ። ቅርንጫፎቹ ከአሜሪካ አልፈው እስከ ጃማይካ ደረሱ። በ1939 በአውሮፓ አቆጣጠርም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ስለ ተማሪነቱና ስለ ትዳሩ፥ ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ጥቁሮች አንድ ሕዝብ ስለ መሆናቸው ያለውን እምነት አስታወቀ። በመካከሉ እርሱ ራሱ በችግር ይኖር ነበር፤ በስደት ካለ መንግሥት ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም። ሐኪም ሆኖ ሳለ በሽተኛ በማከም ሊያገኝ የሚችለውን ትቶ፥ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሲናገርና ሲጽፍ ጤናው ተሰበረ።

በደከመ ሰውነቱ ላይ የሳንባ ምች ታከለበትና ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በአርባ ዓመቱ በኒውዮርክ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት በሚከተለው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ መላኩ ያን ቀን ለማየት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ጐደለው። ወሎ የተወለደው፥ ሐረር ያደገው ሰው አፈር የቀመሰው የተማሪነት ኑሮውን ባሳለፈበት አገር ነው።

በግንቦት 1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክቶርነት ሰጣቸው፤ በዚያው ጉዞ በሐርለም የሚገኘውን የአቢሲኒያን ቤተ ክርስቲያን ጐበኙ። በኢትዮጵያ ችግር ጊዜ ላልራቁት ጥቁር ሕዝቦችም በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ተሰጣቸው፤ ስጦታውንም እንዲያስተዳድር የተደረገው መላኩ ያቋቋመው ማኅበር ነው። በማኅበሩ ስም ከጃማይካና ከአሜሪካ የመጡት ሰዎች በዚያ ቤት ሠርተው እርሻ አረሱ፤ ልጆቻቸውም በዚያ ተወልደው አማርኛ አፋቸውን ፈቱ።